ማዶ ለማዶ

ኢላሪያ ዋማኒ “ይህን መንገድ ሌላ ሰው ይምራው” ማለት ትችል ነበር። አላለችም። የምትሠራበት የኩስኮ ከተማ አስጎብኚ ድርጅት የድሮው የብስክሌት መንገድ በጎርፍ ሲበላሽበት አዲስ መንገድ ፈለገ፤ አዲሱ መንገድ ደግሞ ከተራራው ሁሉ መርጦ በትውልድ መንደሯ በሳያፓታ አለፈ። ካርታው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ጣት በቀዩ መስመር ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ እያየች ዝም አለች። ዝምታዋን ያየ ሁሉ ደስ ያላት መሰለው።

ጣቱ የኦክታቪዮ ነበር። ኦክታቪዮ የድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት የቆየ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ሠራተኛ ታመመ ሲባል ሾርባ ይዞ የሚሄድ ሰው። ለጉዞው ስትነሳ የብስክሌቷን ፍሬን ራሱ እያጠበቀላት፣ ቀና ሳይል፣ “ያን የጠየቅሁሽን ነገር ስትመለሺ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል” አላት። የጠየቃት እንድታገባው ነው። “እሺ፣ ስመለስ” አለችው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በሆዷ የያዘችው ዕቅድ ክፉ ነበር። ከመንደሬ ማዶ ያለውን ያን የድሮ ፍቅረኛዬን አንድ ጊዜ ልየው፤ ጥርሱ ረግፎ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ልጆቹ እግሩ ሥር ሲርመሰመሱ ልየውና፣ ለካ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ያለቀስኩት ብዬ ስቄበት፣ በሰላም ተመልሼ ኦክታቪዮን እሺ ልበለው። ዕቅዱ ይኸው ነበር። ልብ ግን መቼ በዕቅድ ሄዶ ያውቃል?

*

ተራራው አናት ላይ ሲደርሱ የምትመራቸው ፈረንጆች መናገር አቅቷቸው ነበር። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በቀላሉ ማርሽ እንኳ ፔዳሉ አልገፋ ይላል። ግማሾቹ ብስክሌታቸውን ጥለው ሳሩ ላይ ተዘረሩ። ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለው ወይዘሮ ሔድቪግ ብቻ “አልወርድም” ብለው እስከ ጫፉ ነድተው፣ አሁን ለስሱ አየር ይረዳል የተባለውን የኮካ ቅጠል ጉንጫቸው ውስጥ ወትፈው በኩራት ዙሪያውን ያያሉ።

“ሴትዮዋ ጉድ ናቸው” አለ የዕቃ መኪናው ሹፌር ዊልበር፣ ሙቅ ውሃ እያደለ። “እኔ በመኪና መጥቼ እንኳ ደክሞኛል።”

ከአናቱ እስከ ወንዙ ያለው ተዳፋት የቃቃሩሚ መንደር ሰዎች ነው። እንግዳ በምድራቸው ሲያልፍ ከነሱ አንድ ሰው ይመራዋል፤ ወንዙ ላይ ካለው የሳር ድልድይ ሲደርስ ለማዶዎቹ፣ ለሳያፓታዎች አስረክቦ ይመለሳል። ሁለቱ መንደሮች በግጦሽ ድንበር በወንጭፍ ሲፈነካከቱ ኖረው የታረቁት በቅርብ ነው፤ የእርቁ ውልም ይኸው ነው።

“የሚመሩን ሽማግሌው ታይታ ካሲሚሮ አይደሉም እንዴ? የታሉ?” አለች ኢላሪያ።

“ታመዋል አሉ። በሳቸው ቦታ ሌላ ሰው ልከዋል። ያውልሽ፣ መጣ።”

ከታች አንድ ሰው አሮጌ የብረት ብስክሌት እየገፋ ይወጣል። ኢላሪያ ፊቱን ሳታይ በአረማመዱ አወቀችው። ቀኝ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ፣ የሚያስቸኩለው ነገር ያለ ሳይመስል ነው የሚራመደው። ዞር ብላ የማትፈልገውን ቦርሳ ትፈልግ ጀመር።

ቀረብ ሲል አየችው። ሳቱርኒኖ ነው። ጥርሱ አልረገፈም። ሆዱም አልተነፋም። ጠጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል፤ ሽበቱ እንኳ፣ አፈር በበላ፣ አምሮበታል። ያ ሁሉ ዕቅድ እዚያው ተራራ አናት ላይ ፈረሰ።

እሱም አያት። ዓይኑ ዓይኗ ላይ አንድ ጊዜ ቆመና እንደተቃጠለ ሁሉ ተነሳ።

“እንደምን ዋሉ፣ ሴኞራ” አላት በስፓኒሽ። ሁለቱም ያደጉበትን የኬችዋ ቋንቋ ትቶ፣ ለከተማ ሰው የሚባለውን አላት።

“ደህና፣ ሴኞር” አለች፤ እሷም በስፓኒሽ።

ዊልበር ከአንዱ ወደ አንዷ አየ። “ትተዋወቃላችሁ እንዴ?”

“አንተዋወቅም” አሉ፤ ሁለቱም እኩል።

“የማይተዋወቅ ሰው እንዲህ እኩል አይመልስም” ብሎ ዊልበር ወደ መኪናው ሄደ። ኢላሪያ የራስ ቁሯን ስታጠልቅ ፊቷ ግሎ ነበር፤ ከብርዱ ነው ብላ ራሷን ዋሸች።

*

ቁልቁለቱ የአልፓካ፣ የዚያ አገር ባለ ሱፍ ከብት፣ ቀጭን መሄጃ ነው። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ሾጣጣ ድንጋይ። ፈረንጆቹ ፍሬናቸውን ጨብጠው እየተንቀጠቀጡ ይወርዳሉ። ሳቱርኒኖ ከፊት ነው፤ ብስክሌቱ ፍሬን የሚባል ነገር የለውም፤ መቆም ሲያሰኘው በበረባሶው የኋላ ጎማውን ይረግጣል። ጎማ በጎማ ሲፋተግ የሚወጣው ሽታ ከኋላ ላለችው ለኢላሪያ ይደርሳታል።

“እግርህ አያቃጥልህም?” አለችው፣ አንደኛው ጎማ ፈንድቶ እሷ ስትለጥፍ እሱ ፓምፑን ይዞ ባጠገቧ ሲንበረከክ።

“ለምዶታል።”

“ፍሬን ብታስገባ ምን አለበት?”

“ሁሉም ሰው ኩስኮ ሄዶ ፍሬን አይገዛም፣ ሴኞራ። አንዳንዱ እዚሁ ቀርቶ በእግሩ ያቆማል።”

ነገሩ የብስክሌት እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ኢላሪያን አናደዳት። ማን ነው ማንን የተወው? ማን ነው ቃሉን የበላው? ይሄ ሰው ደግሞ አኩራፊው እሱ ሆኖ አረፈው።

“አንዳንዱማ” አለች ጎማውን እየጠፈጠፈች፣ “ጠብቂኝ ብሎ ውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል።”

ሳቱርኒኖ ፓምፑን መሬት ላይ አኖረው። የሆነ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ፤ ፈረንጆቹ ከበቧቸው፤ ተወው። ቀሪውን መንገድ ጀርባውን እያየች ወረደች። ያን ጀርባ ስንት ዓመት እንደናፈቀችው ያወቀችው እየተናደደችበት ነው።

የዚያ አገር ልጆች ፍቅር የሚጀምሩት ማዶ ለማዶ ነው። እረኛው ከወዲህ ተረተር፣ እረኛዋ ከወዲያ ተረተር፤ መሐላቸው ገደልና ወንዝ። ልጁ ኪሱ ውስጥ ትንሽ መስታወት አለችው። የፀሐዩን ብርሃን ይዞ በልጅቷ ፊት፣ በቀሚሷ፣ በእግሯ ሥር ያሯሩጠዋል። ልጅቷ ካልፈለገችው ፊቷን ታዞራለች፤ ከፈለገችው የራሷን መስታወት አውጥታ ትመልሳለች። ሳቱርኒኖና ኢላሪያም እንዲሁ ነበር የጀመሩት። ሁለት ዝናብና ሁለት በጋ በብርሃን ሲነጋገሩ ከርመው፣ በየዓመቱ የሁለቱ መንደር ሰው ጠቡን ላንድ ቀን ትቶ፣ የሳር ገመድ ገምዶ ድልድዩን በሚያድስበት ቀን ፊት ለፊት ተገናኙ። ገመዱን እሷ ከወዲህ፣ እሱ ከወዲያ ይዘው ሳቡ። እጃቸው ተነካካ። ያ ነው እንግዲህ፣ ሌላ ምንም የለም፤ ግን ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ነገር ነበር።

አባቷ ባለብዙ አልፓካ ነበሩ። ወሬው ሲደርሳቸው “ልጄን ለወንጭፍ ወርዋሪ ድሃ?” ብለው፣ ወደ ኩስኮ፣ ወደ አክስቷ ዘንድ ሊሰዷት ቆረጡ። ጊዜው ደግሞ በሳያፓታ የመጀመሪያውን የቆርቆሮ ጣሪያ በቤታቸው ላይ የሚያስመቱበት ነበር፤ እሑድ ጣሪያው ይመታል፣ ሰኞ ልጅቷ በጭነት መኪና ትሄዳለች። ኢላሪያ በሰው በሰው ለሳቱርኒኖ ላከችበት፦ እሑድ ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ስትደርስ ከማዶ አብራልኝ፤ ቤት ጥዬልህ ድልድዩ ጋ እወርዳለሁ፤ አብረን እንጠፋለን።

እሑድ ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ስትደርስ ከቤት በስተጀርባ ወጥታ ቆመች። ማዶው ጭር ብሏል። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ፣ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ቆመች። አንድም ብልጭታ አልመጣም። ሳትጠራ የወረደች ልጅ ደግሞ በሁለቱም መንደር መሳቂያ ናት። ሰኞ ጠዋት መኪናው ላይ ስትወጣ እናቷ “ለምን ታለቅሻለሽ?” አሏት። “አቧራ ገባብኝ” አለች። እንግዲህ ያ አቧራ እስከ ዛሬ ከዓይኗ አልወጣም።

*

ከቃቃሩሚ ቤቶች በላይ አንዲት ሜዳ ነገር አለች፤ እዚያ ለማረፍ ቆሙ። ኢላሪያ ቦታዋን አወቀቻት። ዕድሜዋን ሙሉ ከወዲያ ሆና ስታያት የኖረች፣ አንድ ቀን ግን ረግጣት የማታውቅ ሜዳ ናት። ሳቱርኒኖ መስታወቱን ይዞ ይቆም የነበረው እዚህ ነው። ወዲያ ማዶ ሳያፓታ ትታያለች፤ የእናቷ ቤት ከዳር ናት፤ ያ አባቷ የኮሩበት ቆርቆሮ ዝጎ ቡናማ ሆኗል። አባቷ ከሞቱ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው።

ወይዘሮ ሔድቪግ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ማዶ አዩ። “ኢላሪያ፣ ማነው እዚያ ሆኖ በመስታወት የሚጠራን?”

ክው አለች። እውነትም ከሳያፓታ መሐል ብርሃን ብልጭ አለ፤ ጠፋ፤ ደግሞ ብልጭ አለ።

“ምን አሉ?” አለ ሳቱርኒኖ። ተረጎመችለት። በዚያ ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

“ማንም አይደለም በያቸው። የትምህርት ቤቱን ጣሪያ እያደሱ ነው። አዲሱን ቆርቆሮ ወደ ላይ ሲያቀባብሉት ነው እንዲህ የሚያበራው። እኔም ትናንት አታሎኝ፣ የሚጠራኝ ሰው ያለ መስሎኝ…”

አልጨረሰውም። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ቀስ ብሎ ወደ እናቷ ቤት አየ፤ ወደ ትምህርት ቤቱ አየ፤ ተመልሶ እሷን አያት።

ኢላሪያ ባለችበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

“ሳቱርኒኖ” አለችው፤ በኬችዋ። ስሙን በራሳቸው ቋንቋ ከጠራችው ስንት ጊዜዋ። “ያን ዕለት እሑድ፣ መስታወትህን ያላበራህልኝ ለምንድን ነው?”

“ምን ብዬ አበራለሁ? አንቺ ቀድመሽ ጠርተሽኝ የለም እንዴ? ገና በእኩለ ቀን ከቤታችሁ ብርሃን መጣ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሞ። ነገሩ ቸኩሎባት ነው፣ አሁን ና እያለችኝ ነው አልኩ። በሩጫ ወደ ድልድዩ ወረድኩ።”

“እኔ እኮ መስታወት አልያዝኩም። ከጠዋት ጀምሮ ለሠራተኛው ድንች ስልጥ ነው የዋልኩት። መንደሩ በሙሉ እኛ ቤት ነበር። የሳሩን ጣሪያ አውርደው…”

“ቆርቆሮ” አለ ሳቱርኒኖ።

“ቆርቆሮ” አለች ኢላሪያ።

ፈረንጆቹ ብስኩት ይበላሉ፤ አንዱ የአልፓካ ፎቶ ያነሳል። ሁለቱ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ማዶውን ያያሉ። ማንም ማንንም አልከዳም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የበላው አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ነው። ኢላሪያ ይህን ስታውቅ ደስ ሊላት በተገባ፤ ግን ጠላት ሲኖር እንኳ አንድ ነገር ነው፤ የሚረገም ሰው ሲታጣ ሐዘኑ የት ይቀመጣል?

*

ድልድዩ ጥልቅ ገደል ውስጥ ነው፤ ፀሐይ አይደርስበትም። ፈረንጆቹ ብስክሌታቸውን እየተሸከሙ አንድ በአንድ በሚወዛወዘው ሳር ላይ መሻገር ጀመሩ። ሳቱርኒኖና ኢላሪያ ከኋላ ቀሩ።

“እዚህ ነበርክ?” አለችው።

“እዚህ። ያ ድንጋይ ሥር። እስኪነጋ።”

“በዚያ ውርጭ?”

“ውርጩማ ነበር። ጠዋት መኪናው በላይ ሲያልፍ ሰማሁት። አንቺ ላዩ ላይ እንደነበርሽ የነገሩኝ ኋላ ነው። የሀብታም ልጅ አሾፈችብኝ፣ ጠርታ አስጠብቃኝ ሄደች አልኩ። በዚያው ሳምንት ወደ ቆላ ወረድኩ። ቡና ስለቅም፣ ግንድ ስፈልጥ ኖሬ ስመለስ ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ሆኗል። የማን ቤት መቼ ተመታ ብሎ ማን ይጠይቃል?”

“እኔ ደግሞ ረሳኝ አልኩ። ስረግምህ ነው የኖርኩት።”

“ቆላ ወባ የጣለኝ ለካ ባንቺ ነው።”

ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ልቅሶ ሆነ፤ ፊቷን በጓንቷ ሸፈነች። ሊነካት እጁን ዘረጋ፤ ደፍሮ ግን አልነካትም።

“አግብተሃል?” አለች ከጓንቷ ውስጥ።

“አንዲት ሴት ነበረች። አብረን ሞከርነው። ‘አንተ ሁልጊዜ ማዶ ማዶ ነው የምታየው’ ብላ ሄደች። እውነቷን ነበር። አንቺስ?”

“ኩስኮ አንድ ሰው አለ። ታገቢኛለሽ ወይ ብሎኛል። ስመለስ እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ።”

“ጥሩ ሰው ነው?”

“ጥሩ ሰው ነው።”

ሳቱርኒኖ ወንዙን አየ። “ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር” አለ።

“የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ሳቱርኒኖ።”

“አይታፈስም። እኔ የፈሰሰውን አልጠየቅሁሽም። ያቺን ልጅ መልሺልኝ አላልኩም፤ እኔም ያ ልጅ አይደለሁም፤ ወገቤን ያመኛል፣ ማታ ማታ አንኮራፋለሁ። ዛሬ ያለሽውን ነው የምጠይቅሽ። ከማዶ ሆኜ አይደለም፤ ይኸው ፊትሽ ቆሜያለሁ። ትመጪልኛለሽ?”

ኢላሪያ አፏን ከፈተች። እሺ ብትል፣ ፍሬኗን አጠባብቆ የሸኛትን ያን ደግ ሰው ታዋርዳለች፤ በላብዋ ያቆመችውን የከተማ ኑሮዋንም የት እንደምታደርገው አታውቅም። እምቢ ብትል ደግሞ ያን እሑድ በገዛ እጇ ትደግመዋለች፤ ያን ጊዜ የሚወቀስ ቆርቆሮ እንኳ አይኖርም። አልሆነላትም።

ሳቱርኒኖ ጠበቃት። ከዚያ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። “እሺ” አለ። “እንግዶችሽን አስረክቤሻለሁ። በሰላም ግቡ።”

ሊመለስ ዞረ። የማዶ ወንድ ድልድዩን ያለ ጉዳይ አይሻገርም፤ ጉዳዩም ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ሙት ሊቀብር፣ ወይ ልጅ ለትዳር ሊጠይቅ።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ሔድቪግ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመው ነበር። ያን ሁሉ ተራራ ሳይወርዱ የነዱት ሴት እግራቸው ተሳስሮ አልሄድ አላቸው። ከሳሩ ሥር ወንዙ ሲጋልብ ይታያል። “አልችልም” አሉ፣ ገመዱን የሙጥኝ ብለው። “ከፍታ አልፈራም፤ የሚወዛወዝ ነገር ግን አልችልም።”

ሳቱርኒኖ ቆመ። አሮጊቷን አያቸው። ድልድዩን አየ። ከዚያ የራሱን ብስክሌት እዚያው ጥሎ፣ የሳቸውን በአንድ ትከሻው አንግቶ፣ ክንዱን ሰጣቸው። “ወንዙን አይዩ፤ እኔን ይዩ” አላቸው በስፓኒሽ። እያባበለ፣ እርምጃቸውን እየጠበቀ አሻገራቸው። ኢላሪያ ከኋላው ተከተለች። አሮጊቷ ከተሻገሩ በኋላም ክንዱን አልለቁም፤ ዳገቱን አብሯቸው ወጣ። ለአሮጊቷ ብሎ ይሁን ለሌላ፣ እሱም የሚያውቅ አልመሰለም። ቀድመው የተሻገሩት ፈረንጆችም ብስክሌታቸውን እንደተሸከሙ ተከተሏቸው።

*

ማማ አሱንታ፣ የኢላሪያ እናት፣ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሰው የሚለዩት በቁመናው ነው። ልጃቸው እንደምትመጣ ያውቃሉ፤ እንግዶቿ ግን በመኪና መጥተው በመንደሩ ማረፊያ ቤት እንደሚያድሩ ነው የተነገራቸው። አሁን የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። ከወንዙ በኩል የማዶ ሰው ኮፍያ ያደረገ ወንድ ይመጣል። ክንዱን የያዙ ፀጉራቸው የነጣ ሴት ከፊት አሉ። ከኋላ ረዥም ሰልፍ፣ ሁሉም ትከሻው ላይ የሆነ ነገር ተሸክሟል። ከነሱም ጋር ልጃቸው።

በዚያ አገር ወንድ ሴት ልጅ ለትዳር ሊጠይቅ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም። ሽበት ያለው ታላቅ ሰው ያስቀድማል፤ ወዳጅ ዘመድ ማገዶ ተሸክሞ ይከተለዋል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጅ ይቆማሉ። የልጅቷ እናት ወይ ታስገባለች፣ ወይ ትመልሳለች። አንዴ ከገባ ተቀባይነት አገኘ ማለት ነው፤ ወደ ኋላ የሚባል ነገር የለም።

ማማ አሱንታ ሻላቸውን አስተካከሉ። ቀጥ ብለው ቆሙ።

“የቃቃሩሚ ልጅ” አሉ፤ “ዘገየህ።”

ሳቱርኒኖ ባለበት ቀረ። ኮፍያውን አወለቀ። “ዘገየሁ፣ ማማይ” አለ።

“ባሌ በሕይወት እያለ ብትመጣ በድንጋይ ይመልስህ ነበር። አውቃለሁ። ግን ብትመጣ ጥሩ ነበር።” ወደ ሰልፉ ተመለከቱ። “ማገዶው በዛ። ምን ዓይነት እንጨት ነው እንዲህ ክብ ክብ የሆነ?”

በመኪና ቀድሞ ደርሶ ግድግዳውን ተደግፎ የነበረው ዊልበር ወደ ኢላሪያ ጠጋ አለ። “ንገሪያቸው እንጂ” አለ በሹክሹክታ። “ቱሪስቶች ናቸው፣ ብስክሌት ነው በያቸው። ቆይ፣ ኋላ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ። ኦክታቪዮን አስቢ።”

አሰበችው። ኦክታቪዮ ጎንበስ ብሎ ፍሬኗን ሲነካካ ታያት፤ አንጀቷን በላት። ይህን ነገር ፊት ለፊት፣ ከራሷ አፍ መስማት ይገባዋል፤ ትነግረዋለች፤ ያማል፤ እሷንም ያማታል።

እናቷ ወደ እሷ ዞሩ። “ልጄ፣ ላስገባቸው ወይስ ልመልሳቸው?”

ሳቱርኒኖ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል፤ ቀና ቢል ፊቷ ላይ እምቢታ የሚያገኝ መስሎት ፈርቶ እንደሆነ ገባት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃት። “ማማይ፣ ተሳስተሻል” ብትል ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል፤ እሱ ወደ ማዶ፣ እሷ ወደ ኩስኮ። አንዴ በስሕተት አጥታዋለች። ይኸኛውን ስሕተት ለማረም ግን አንደበቷ አልታዘዝ አላት፤ ደግሞም እንዲታዘዛት አልፈለገችም።

“አስገቢያቸው፣ ማማይ” አለች። “ብርድ ላይ አታቁሚያቸው።”

ሳቱርኒኖ ቀና አለ። ዓይኑ ሞልቶ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዕድሜ ልክ የጠበቁትን ቆመው ተያዩ።

ማማ አሱንታ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። ወይዘሮ ሔድቪግን እጃቸውን ይዘው አስገብተው፣ ምድጃው አጠገብ የክብሩ ቦታ ላይ፣ የበግ ቆዳው ላይ አስቀመጧቸው። የበቆሎ ጠላ በቅል ቀድተው ሰጧቸው። ከዚያ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው፣ ነገር እንደሚመረምር ሰው፣ አንድ ነገር ጠየቁ።

“ምን አሉኝ?” አሉ ወይዘሮ ሔድቪግ።

ኢላሪያ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። “ልጅዎ መጠጥ ያበዛል ወይ ነው የሚሉት።”

ወይዘሮ ሔድቪግ ቀኑን ሙሉ ከኋላም ከፊትም ሲያዩ የዋሉ ሴት ናቸው። የኢላሪያን እርጥብ ፊት አዩ። በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ የቆመውን ሰው አዩ። ጠላውን ጎንጨት አድርገው ቅሉን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

“በልኩ ነው በያቸው” አሉ። “ጥሩ ልጅ ነው ያሳደግሁት።”

ኢላሪያ ቃል በቃል ተረጎመችው።